ባለ 1/6 የብረት ቲ-34 ታንክ ባለበት ሲዞር የግራ ሰንሰለቱን ይጥላል፤ አስቸኳይ እርዳታ

ባለታንኩ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቤቴ ከብረት የሠራሁት፣ በ1/6 ልኬት የተቀነሰ የቲ-34-85 ታንክ ቅዳሜ በሰው ፊት መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ቀጥታ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ሲሄድ እንከን የለበትም። ባለበት ወደ ግራ እንዲዞር ሳዝዘው ግን የግራው ሰንሰለት፣ እሱን ከሚያሽከረክረው ከኋላው ነጂ ጎማ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ዛሬ ጠዋት ጭራሹን ሁለት ፒኖች አጣሞ አንድ የሰንሰለት ሰሌዳ ሰነጠቀ። ጥፋቱ የነጂ ጎማው ሮለሮች (ሰንሰለቱን የሚገፉት ድቡልቡል ብረቶች) መቅጠናቸው ስለሆነ አዲስ ጎማ በቶርኖ ላወጣ ነው። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ የሮለሮቹን ውፍረት በስንት ሚሊ ሜትር ልጨምር? ጊዜ ስለሌለኝ አጭር መልስ ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ፈጥኖ ደራሽ፦
ሰንሰለቱ ላልቷል። አንድ ሰሌዳ አውጥተው መልሰው ይግጠሙት፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

የቶርኖ ሰው፦
ከላይ የተሰጠውን ምክር እባክዎ አይከተሉት። በቲ-34 ሰንሰለት ላይ ቀንድ (ወደ ውስጠኛው ገጽ የቆመ ጉጥ) ያለው ሰሌዳና ቀንድ የሌለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ እየተፈራረቁ ይገጠማሉ፤ በአንድ ጎን ካሉት 72 ሰሌዳዎች 36ቱ ቀንዳም፣ 36ቱ ጠፍጣፋ ናቸው። ነጂው ጎማ ሰንሰለቱን የሚጎትተው እንደ ብዙዎቹ ታንኮች ጥርሱን በሰሌዳው ቀዳዳ ውስጥ እያስገባ ሳይሆን፣ በሁለቱ ዲስኮቹ መካከል በተቀመጡት 6 ሮለሮች ቀንዶቹን እየገፋ ነው። አንድ ሰሌዳ ብቻ ካወጡ ሁለት ተመሳሳይ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ይመጡና ሮለሩ ቀንድ በሚጠብቅበት ቦታ ባዶ፣ ባዶ በሚጠብቅበት ቦታ ቀንድ ያገኛል። ማሳጠር የግድ ከሆነ የሚወጣው ጥንድ ነው፤ ጥንዱም በእርስዎ ልኬት 57 ሚ.ሜ. ያህል ስለሚሆን መወጠሪያው (ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው የፊት ጎማ) ያን ያህል ርቀት ለማካካስ መቻሉን አስቀድመው ማየት አለብዎ።

ስለ ሮለሮቹ ደግሞ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ይለኩ። የእውነተኛው ሰሌዳ ርዝመት ከፒን እስከ ፒን 172 ሚ.ሜ. ሲሆን ለ6 ሲካፈል 28.7 ሚ.ሜ. ገደማ ይመጣል። አሥራ ሁለት ሰሌዳዎችን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ጫፍና ጫፋቸውን ጎትተው ሲለኩ 344 ሚ.ሜ. ሊያገኙ ይገባል፤ ነጂው ጎማ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው ይህንኑ ነው። ሰሌዳዎቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ከሆነ የብረት ፒን ቀዳዳቸውን ቶሎ ይበላዋል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 0.2 ሚ.ሜ. ብቻ ቢሰፋ ሙሉው ሰንሰለት ከ14 ሚ.ሜ. በላይ ይረዝማል። ሮለሩን ማወፈር በሮለርና በሮለር መካከል ያለውን ርቀት ስለማይለውጠው፣ የረዘመ ሰንሰለትን አያድነውም። ከሁሉ በፊት ግን የግራውንና የቀኙን ነጂ ጎማ ያቀያይሩ። ችግሩ ጎማውን ተከትሎ ወደ ቀኝ ካልሄደ ጎማው ንጹሕ ነውና ቶርኖውን ለሌላ ሥራ ይተዉት።

መለኪያ ይቅደም፦
ጠያቂው ስለ ላሜራው ውፍረት፣ ስለ ታንኩ ክብደትና ስለ ብየዳው አንዲት ቃል ሳይናገሩ መድኃኒት እየጠየቁ ነው። እውነተኛው ቲ-34-85 ወደ 32 ቶን ይመዝናል። ርዝመት በ6 እጥፍ ሲቀነስ ክብደት የሚቀነሰው በ6 ሳይሆን በ216 (6×6×6) እጥፍ ነውና፣ ሁሉ ነገር በትክክለኛ ልኬት ቢሠራ ሞዴሉ 148 ኪ.ግ. ያህል መሆን ነበረበት። የቀፎው ጎን 45 ሚ.ሜ. ስለሆነ ላሜራውም 7.5 ሚ.ሜ. ይሆን ነበር። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ውፍረት አይጠቀምም፤ በቀጭን ላሜራ ይሠራል፤ ቀጭን ላሜራ ደግሞ በብየዳ ይጣመማል። የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሁለቱን ገጾች ወደ ራሱ ይስባል። አንዱን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ ትንፋሽ የበየደ ሰው ቀፎው እንደ ተጠመዘዘ የሚያውቀው ዘንጎቹን ሊያስገባ ሲሞክር ነው። መደረግ የነበረበት በመጀመሪያ በነጥብ በነጥብ መያዝ፣ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ እያቀያየሩ አጫጭር መስመሮችን መበየድ፣ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ መታገሥ፣ ከውስጥም የማዕዘን ብረት አጥንት ማስገባት ነበር። አሁን የቀፎውን ሁለት ሰያፍ ርቀቶች ይለኩ፤ ከነጂው ጎማ እስከ መወጠሪያው ጎማ ድረስም ክር ወጥረው አምስቱም ተሸካሚ ጎማዎች መስመሩን መጠበቃቸውን ይመልከቱ። ይህን ሳያደርጉ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ባለታንኩ፦
ላሜራው 2 ሚ.ሜ. ነው። ታንኩ ከነባትሪው 90 ኪ.ግ. ይመዝናል። ሁለት ባለ 24 ቮልት ማርሽ ያላቸው ሞተሮች አሉት። ሰሌዳዎቹ አሉሚኒየም፣ ፒኖቹ 3 ሚ.ሜ. ብረት ናቸው። ቀፎው ጠማማ ቢሆን ኖሮ ቀጥ ብሎ ሲሄድም ይጥል ነበር፤ ስለዚህ እባካችሁ ወደ ሮለሮቹ እንመለስ።

ታሪክ አጥኚ፦
ጥያቄው ራሱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። እውነተኛው ቲ-34 ባለበት አንዱን ሰንሰለት ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እያሽከረከረ መዞር አይችልም ነበር። ሾፌሩ የአንዱን ጎን መሪ ዘንግ ሲስብ በዚያ ጎን ያለው ክላች ኃይሉን ይለቃል፤ ይበልጥ ሲስበው ፍሬኑ ሰንሰለቱን ይይዛል፤ ታንኩም በቆመው ሰንሰለት ዙሪያ ይዞራል። ባለበት መሽከርከር ይችል የነበረው ለምሳሌ የጀርመኑ ታይገር ነው፤ ያም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ውስብስብ ማስተላለፊያ ስለነበረው ነው። እርስዎ እውነተኛው የማያደርገውን እንቅስቃሴ በመጠየቅ ሞዴሉን እየሰበሩት ነው። የግራውን ሞተር የኋላ ጉዞ በመቆጣጠሪያው ላይ ዜሮ ያድርጉት፤ በመዞሪያ ጊዜ ውስጠኛው ሰንሰለት ዝም ብሎ ይያዝ።

ባለታንኩ፦
ሊያዩ የሚመጡት ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ታንክ ሲሽከረከር ማየት እንጂ ስለ ክላች ታሪክ መስማት አይፈልግም።

ፈጥኖ ደራሽ፦
አሁንም ሰንሰለቱን ያጥብቁት እላለሁ።

ቀልደኛው፦
በእውነተኛው ታንክ ፒኖቹ ከውጭ በኩል በምንም አይያዙም ነበር፤ ጭንቅላታቸው ወደ ውስጥ ነው፤ ወደ ውስጥ የተንሸራተተውን ፒን ከኋላ በቀፎው ላይ የተበየደ ሰያፍ ብረት በእያንዳንዱ ዙር እየገጨ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እንግዲህ ጠያቂው ይህን ብረት ካልበየዱት አሁን ይበይዱት፤ ቢያንስ ሰንሰለቱ ሲወድቅ በታሪክ ትክክለኛ በሆነ ድምፅ ይወድቃል።

አሮጌው መካኒክ፦
ልጄ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው ያልከው ነገር ትልቁ ምልክት ስለሆነ ችላ አትበለው። ባለበት ወደ ግራ ስትዞር የግራው ሰንሰለት ወደ ኋላ ነው የሚሽከረከረው። ነጂው ጎማ ከኋላ በሆነ ታንክ፣ ወደ ፊት ጉዞ ጊዜ የሚወጠረው መሬት የያዘው የታችኛው ክፍል ነው፤ የላይኛው ልል ሆኖ በጎማዎቹ ላይ ይተኛል፤ መወጠሪያው ጎማም ብዙ አይጫንበትም። ወደ ኋላ ስትነዳ ግን ነጂው ጎማ የላይኛውን ክፍል ይስባል፤ ስቡም ከፊት ያለውን መወጠሪያ ጎማ ዞሮ ነው መሬት የሚደርሰው። በመወጠሪያው ላይ ከላይም ከታችም ስለሚሳብበት የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ይሆናል። መወጠሪያውን ጎማ በቀፎው ላይ የያዘው ክንድ ትንሽ እንኳ ወደ ኋላ ከሸሸ ትርፉ ሰንሰለት ሁሉ ከነጂው ጎማ በታች ይከማቻል፤ ቀንዶቹም በሮለሮቹ ላይ ይወጣሉ። አንተ ያየኸው ይህንኑ ነው፤ ሰንሰለቱ ከኋላ ስለወደቀ ጥፋቱ ከኋላ መሰለህ። በሜዳ ላይ ቀጥታ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልወደቀው ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ነው። ሂድና የግራውን መወጠሪያ ክንድ በቀፎው ላይ የያዘውን ቡሎን ተመልከት። በእውነተኛው ታንክ ክንዱና መቀመጫው እርስ በርስ የሚናከሱ ጥርሶች አሏቸው፤ ያንተ በለስላሳ ገጽ ላይ በዳዶ ጉልበት ብቻ ተይዞ እንደሆነ ሮለር ብታወፍርም ባታወፍርም ይንሸራተታል።

ስሌተኛው፦
አሮጌው መካኒክ ያሉትን በቁጥር ላግዝ። በዚህ ልኬት መሬት የሚነካው የሰንሰለት ርዝመት 64 ሳ.ሜ. ገደማ፣ በሁለቱ ሰንሰለቶች መሐል መስመር መካከል ያለው ርቀት 41 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። የወለሉን ሰበቃ 0.7 ብለን ብንይዝ፣ 90 ኪ.ግ. የሚመዝነውን ታንክ ባለበት ለማዞር እያንዳንዱ ሰንሰለት ወደ 25 ኪ.ግ. ኃይል መሳብ አለበት፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ። በደረቅና ጠፍጣፋ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ለመሄድ የሚያስፈልገው ከዚህ አሥር እጅ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ የግራው መወጠሪያ ክንድ በዚያች ቅጽበት 50 ኪ.ግ. ያህል ይሸከማል። በቀጥታ ጉዞ የተደረገ ፍተሻ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

የታሪክ አጥኚው መፍትሔ ግን ሙሉ አይደለም። ውስጠኛው ሰንሰለት በፍሬን ሲያዝም ወለሉ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ያው ጭነት በላይኛው ክፍል በኩል አልፎ በመወጠሪያው ላይ ያርፋል። ልዩነቱ የቆመው ሰንሰለት አዳዲስ ሰሌዳዎችን ወደ ነጂው ጎማ ስለማያስገባ ቀንዶቹ የመውጣት ዕድል ማጣታቸው ነው። ለቅዳሜ ይበቃ ይሆናል፤ ክንዱን ግን አይጠግነውም።

ታሪክ አጥኚ፦
እኔም ይጠግነዋል አላልሁም። እውነተኛውን ይመስላል ነው ያልሁት።

ባለታንኩ፦
ጋሼ፣ እንዳሉት የግራውን ክንድ አየሁት። በመቀመጫው ላይ ቀለሙ በቅስት መልክ ተፍቋል፤ ቀኙ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ክንዱ ባለ 10 ሚ.ሜ. ቡሎን ነው የያዘው፤ ገጹም ለስላሳ ነው። ጥርስ ለማውጣት ጊዜ የለኝም። ዳዶውን እስከ መጨረሻው ባጠብቀውና ከሥሩ የጥርስ ሮንዴላ ባስገባበት ይበቃል? ሮለሮቹንስ ልተዋቸው?

አሮጌው መካኒክ፦
ሮለሮቹን ተዋቸው። ሮንዴላውም ለዚህ ጭነት አይታመንም፤ 2 ሚ.ሜ. ላሜራ ላይ ዳዶ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ ላሜራው ይጎደጉዳል። መጀመሪያ ከቀፎው ውስጥ በኩል ቡሎኑ በሚያልፍበት ቦታ 6 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ማጠናከሪያ ብረት ጨምር፤ ለመበየድ ከፈራህ በአራት ትናንሽ ቡሎኖች እሰረው። ከዚያ ሰንሰለቱን በትክክለኛው ልክ ወጥረህ ክንዱን፣ ላሜራውንና ማጠናከሪያውን ባንድ ላይ ባለ 6 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ብሳና ሁለተኛ ቡሎን አስገባ። ቀዳዳው ከዋናው ቡሎን በራቀ ቁጥር ክንዱን አጥብቆ ይይዛል። ወደ ፊት ሰንሰለቱ ሲረዝም የምታዛውርበት እንዲኖርህ በቅስት መስመር ላይ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ቀዳዳ በላሜራውና በማጠናከሪያው ላይ ብቻ አዘጋጅ። ቀኙንም እንዲሁ አድርግ፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ተራው የሱ ነው።

የቶርኖ ሰው፦
በትክክለኛው ልክ መወጠር ማለት እንደ ክራር ጅማት መወጠር ማለት አይደለም። ቲ-34 የላይኛውን ሰንሰለት የሚደግፉ ትናንሽ ጎማዎች ስለሌሉት፣ ሰንሰለቱ በመካከለኞቹ ተሸካሚ ጎማዎች ጀርባ ላይ ረግቦ መተኛት አለበት። ከዚያ በላይ ከተወጠረ የሚበላው ፒንና ኩሽኔታ ነው። የተሰነጠቀውን ሰሌዳ የሚተኩት ዓይነቱን አይተው ይሁን፤ ቀንዳም ከሆነ በቀንዳም፣ ጠፍጣፋ ከሆነ በጠፍጣፋ። የታጠፉትን ፒኖች አቃንተው መልሰው አይጠቀሙባቸው።

መለኪያ ይቅደም፦
ሰያፉን ግን ማንም አልለካም። ክንዱ ሊንሸራተት የቻለው ቀፎው ተጠምዝዞ መወጠሪያውን ከመስመር ስላወጣው ሊሆን እንደሚችል ደግሜ አሳስባለሁ። የመወጠሪያው ጎማ ዲስኮች ውስጣዊ ገጽ በአንድ ወገን ብቻ በቀንዶቹ ተፍቆ ከተገኘ የእኔ ግምት ትክክል ነው።

ፈጥኖ ደራሽ፦
ይኸው፣ መወጠር ነው ተባለ። እኔ ከመጀመሪያው ያልሁት ምንድን ነው?

ቀልደኛው፦
እርስዎ አንድ ሰሌዳ አውጡ ነበር ያሉት፤ ታንኩ እስካሁን እያነከሰ ነበር።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ በጥያቄው መካከል ስለገባሁ። እኔም በ1/6 ልኬት ታይገር እየሠራሁ ነው፤ ባለበት ወደ ግራ ሲዞር የሚጥለው ግን የቀኙን ሰንሰለት ነው። የእኔም መወጠሪያ ክንድ ይሆን ወይስ ሌላ ነገር ነው? ጠያቂው ሁለተኛውን ቡሎን ካስገቡ በኋላ ምን እንዳገኙ ቢነግሩንም ደስ ይለኛል።

አሮጌው መካኒክ፦
በታይገር ነጂው ጎማ ከፊት፣ መወጠሪያው ከኋላ ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ፊት የሚሽከረከረው ሰንሰለት የላይኛውን ክፍል ስቦ መወጠሪያውን ይጭነዋል፤ ወደ ግራ ስትዞር ወደ ፊት የሚሄደው ደግሞ ቀኙ ነው። ስለዚህ አንተም የቀኙን የኋላ መወጠሪያ ክንድ ፈትሽ። ጎማዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ስለተገጠሙ ክንዱ ሲሸሽ በዓይን አይታይህም፤ በክንዱና በቀፎው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምርና ካዞርኸው በኋላ መስመሩ መሰበሩን ተመልከት።