23 መላጫ በአንድ ሳፋ

ጠባሴ፦
ትናንት አንዲት እህት እዚሁ መሀላችን የጻፈችውን አንብቤ እስካሁን ሆዴ አልረጋም። ላላያችሁት ባጭሩ። ባሏ ደብረ ብርሃን የምንሠራ የብዙዎቻችን ወዳጅ ነው። ለዓመታት የድሮ መላጫ ሲሰበስብ ኖሯል። ያ ምላጭ የሚገባበት፣ እጀታ ያለው፣ አባቶቻችን መስኮት ላይ መስታወት አቁመው የሚላጩበት። 23 ደርሶለት ነበር። ብሩሹ፣ የሳሙና ጣሳው፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው ሳይቆጠር ነው። ሰውየው ለመስክ ሥራ መሐል ሜዳ ወጣ። እሷ «ልዋጭ!» የሚል ልጅ በበሯ ሲያልፍ ጠርታ 23ቱን ሰጠችና አንድ ሳፋ ተቀበለች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዝገት ሰጥቼ ሳፋ ተቀበልኩ። ማን ከሰረ?» ሁላችሁም ሳቃችሁላት። እኔ አልሳቅኩም። የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መስጠት ከመቼ ወዲህ ነው ሙያ የሆነው?

ወይዘሮ አለሁ፦
ሳፋ ልብስ ይታጠብበታል። 23 መላጫ ምን ይሠራል? ሰውየው ጉንጩ ስንት ነው?

ጣርማበር፦
😂😂 ጉንጩ ስንት ነው

ጠባሴ፦
ወይዘሮ፣ ባልሽ ስንት ነጠላ አለሽ ብሎ ቆጥሮ ያውቃል?

ወይዘሮ አለሁ፦
ነጠላዬን ለብሼ ለቅሶ እሄዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እሱ 23 መላጫ ይዞ የት ይሄዳል?

ብረት ሥራ፦
እኔ የምቆመው «ዝገት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የሚዝገው ብረት ነው። የድሮው የጂሌት መላጫ አብዛኛው ናስ ነው፣ ላዩ ላይ ኒኬል የተነከረ። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ቢብስበት አረንጓዴ ያወጣል፤ ሎሚ አሽተህ ታስለቅቀዋለህ። ዝገት አያውቅም። ስለዚህ እህታችን ዝገት አልሰጠችም። ናስ ነው የሰጠችው።

ጣርማበር፦
«አረንጓዴ ሰጥቼ ሳፋ ተቀበልኩ» ብትል ይቅር ትላት ነበር ማለት ነው?

ብረት ሥራ፦
ቢያንስ ትክክል ትሆን ነበር። ደግሞ ልጁ ያውቃል። ልዋጭ የሚዞር ልጅ ናስና ብረት በዓይኑ ነው የሚለየው። አንዱ መላጫ ከ50 እስከ 80 ግራም ይመዝናል። 23ቱን ደምሩት፣ ከኪሎ በላይ ናስ ነው። ናስ ደግሞ ከቆርቆሮ ጋር አንድ ዋጋ የለውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

ወይዘሮ አለሁ፦
አየህ፣ አንተም በኪሎ መዘንከው። ታሪክ ነው ቅርስ ነው ስትሉ ቆይታችሁ መጨረሻ ላይ እንደ ቁራሌ ሚዛን አወጣችሁ።

የመንዝ ብርድ፦
ይቺን ወደድኳት።

ሮቢቴው፦
ቆይ እስቲ፣ እነዚህን መላጫዎች ከየት ነው ያመጣቸው? ውጭ አገር ዘመድ አለው?

ጠባሴ፦
ጥቂቱን ዘመድ አመጣለት። ብዙውን ግን አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ምናለሽ ተራ ገብቶ እየቆፈረ ነው ያገኘው።

ወይዘሮ አለሁ፦
ምናለሽ ተራ! ከቁራሌ ገዝቶ ለቁራሌ ተመለሰለት። ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ቀልዱን ተዉት። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 አለ። ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለመለወጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። «ለመለወጥ» የምትለዋን አስምሩባት። ልዋጭ ማለት እሷ ናት።

ጣርማበር፦
500 ብር? በዛሬ ጊዜ? ሚስቴ አንድ ዶሮ ልትሸጥ ስትል ፊርማዬን ልትጠይቅ ነው ማለት ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ገንዘብ ነበር።

የመንዝ ብርድ፦
ደሞ እሱ የፌዴራሉ ነው። አማራ ክልል በ1995 በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ደብረ ብርሃን ተቀምጠህ በአዲስ አበባ ሕግ አትክሰሳት።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
የጋራና የግል የሚለው መሠረቱ ያው ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ የግል ነው። የቀረው የጋራ። ሕጉን ያነሳሁት ለክስ አይደለም። «ዝገት» ስላለችው ንብረትነቱ አይጠፋም ለማለት ነው።

የሸዋ ጎምቱ፦
ሁሉንም በአንድ ቃል ልዝጋው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።

ወይዘሮ አለሁ፦
እሱን ተረት ይዘህ ና ያለህ ማነው? ወንዱ 23 መላጫ ይገዛል፣ ሴቷ ሳፋ ታመጣለች። ማን እንዳወቀ ከዚህ በላይ በምን ይታይልህ?

የመንዝ ብርድ፦
ጎምቱ፣ ተረቱን ከዘመኑ ጋር ለልዋጭ ብትሰጠው ይሻላል። ማንኪያ አያጡብህም።

የሸዋ ጎምቱ፦
መንዜ ሁልጊዜ ከሴት ጎን ነው። ብርዱ ነው መሰለኝ።

የመንዝ ብርድ፦
ብርዱ ነው አዎ። አንተ ቤት ብቻህን ስለምታድር አይገባህም።

ጣርማበር፦
ኧረ ቀስ 😂

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ ናስ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ደም ላውራ። የማን ፊት እንደቆረጠ የማይታወቅ መላጫ ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት! ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ እያልን ስንት ዓመት ለፍተናል። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። እኔ ብሆን ልዋጩን ሳልጠብቅ ነበር የምጥለው።

ጠባሴ፦
ነርሷ፣ መላጫዎቹ 70 ዓመት ሆኗቸዋል። 7 ቀን አልሞላቸውም?

ብረት ሥራ፦
ደግሞ ፊት የሚነካው ምላጩ ነው። ምላጩ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። እጀታውን በሳሙና ታጥቦ ማፍላት ነው። ናስ ውሃ አይፈራም።

ነርሷ፦
ታጣፊውስ? እሱ የሚጣል ምላጭ የለውም። ራሱ ነው ስለቱ። እየሳሉ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዞር። እሱን ደግሞ ዛሬም በየገጠሩ አይቻለሁ። እና እባክህ፣ ብረት ሥራ፣ ታጣፊው ናስ ነው?

ብረት ሥራ፦
አይ፣ እሱ ብረት ነው።

ነርሷ፦
ይዝጋል?

ብረት ሥራ፦
ካልደረቀ ይዝጋል።

ወይዘሮ አለሁ፦
እልልልል! ዝገት ተገኘ!

ብረት ሥራ፦
እሱን እኮ አልሰጠችም! የሰጠችው 23ቱን ነው! ዝገቱን አስቀርታ ናሱን ነው የሰጠችው!

ሮቢቴው፦
እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፤ አንድ ግን አለኝ። ጺሜ ጥቅልል ነው። ያንን ባለ 5 ስለቱን ስጠቀም አንገቴ እንዳለ ሽፍ ይል ነበር። በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ላብ ሲጨመርበት፣ አስቡት። በኋላ ነው ምክንያቱን የሰማሁት። የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ይስበዋል፣ ተከታዩ ከቆዳ በታች አድርጎ ይቆርጠዋል። ጥቅልሉ ጸጉር ተመልሶ ሲያድግ መውጫ ያጣና ቆዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ስለት ግን ከላይ ቆርጦ ይተወዋል። አንዱን መላጫ ከያዝኩ ወዲህ አንገቴ ሰው ሆነ። ሳሙናው በብሩሽ ተመትቶ አረፋ ሲሆን፣ ፊትህ በሙቅ ውሃ ሲለሰልስ፣ መላጫውን ሳትጫን በራሱ ክብደት ስትለቀው ድምፁ ራሱ ደስ ይላል። እንዲያውም ለደብረ ብርሃን ብርድ ነበር የሚስማማው።

ወይዘሮ አለሁ፦
ይኸውልህ፣ አንድ ነው ያለህ። አንድ ብትል እኔም ዝም ባልኩ።

የመንዝ ብርድ፦
አባቴ ከተላጨ በኋላ አረቄ መዳፉ ላይ ያፈስ ነበር። ግማሹን ለፊቱ፣ ግማሹን ለጉሮሮው። «ቁስሉ በሁለቱም በኩል ይድናል» ይል ነበር።

ጣርማበር፦
የደብረ ብርሃን አረቄ ከሆነ መላጫም አያስፈልግም። ጺሙ ራሱ ይረግፋል።

አልዩ አምባ፦
አንድ ጥያቄ አለኝ። ብሩሹ ከምንድን ነው የሚሠራው?

ሮቢቴው፦
አርቲፊሻል አለ። ባጀር ከሚባል የዱር አውሬ ጸጉር የሚሠራም አለ። ከርካሾቹ ብዙው ግን የአሳማ ነው።

የሸዋ ጎምቱ፦
ምን?!

አልዩ አምባ፦
ገምቼ ነበር።

የሸዋ ጎምቱ፦
የአሳማ ጠጉር ፊቱን ለቅልቆ ነው ቅዳሜ ማታ ተላጭቶ እሁድ የሚያስቀድሰው? ሐሳቤን ቀየርኩ። ሴትዮዋ ትክክል ናት። ሁሉንም ትጣለው።

የመንዝ ብርድ፦
አሁን ከሴት ጎን የሆነው ማነው? ብርድ ገባህ?

ሮቢቴው፦
ጎምቱ፣ ቤትህን ስታስቀባ ቀቢው በምን ቀባልህ? የአሳማ ጠጉር የሆነ የቀለም ብሩሽም ሞልቷል። ግድግዳህን ልታፈርስ ነው?

የሸዋ ጎምቱ፦
ግድግዳ አይቆርብም።

አልዩ አምባ፦
በዚህ ጉዳይ ከጎምቱ ጋር ነኝ። ያልጠበቅኩት ነገር ነው።

ጠባሴ፦
እባካችሁ ወደ ቁም ነገሩ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከ23ቱ አንዱ የአባቱ ነው። አባቱ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት፣ በእሱ ተላጭተው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። አናቱ ስር ዜድ የሚል ፊደልና 3 ቁጥር አለበት። ጂሌት ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያትመው። ፊደሉ ዓመቱ፣ ቁጥሩ ሩብ ዓመቱ። ዜድ 3 ማለት 1954፣ ሦስተኛው ሩብ። ይሄስ ዝገት ነው?

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ውርስ ከሆነ የግል ንብረቱ ነው። እዚህ ላይ ክርክርም የለው።

የመንዝ ብርድ፦
1954 በእነሱ ነው በእኛ?

ጠባሴ፦
በእነሱ። በእኛ 1946።

ብረት ሥራ፦
ሦስተኛው ሩብ ከሆነ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። መስከረሙ 47 ውስጥ ይገባል። በደፈናው 46 አትበል።

ጣርማበር፦
ጃንሆይ አሜሪካ የሄዱበት ዓመት ነው። ምናልባት ይዘውት መጡ 😂

ወይዘሮ አለሁ፦
የአባቱ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሱ ሌላ ነገር ነው። ግን የአባቱን ከሃያ ሁለት የምናለሽ ተራ ዕቃ ጋር አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ማነው? የአባት ዕቃ ለብቻ ይቀመጣል።

ጠባሴ፦
ከጓደኞቹ ጋር አስቀመጠዋ።

ባለ ሳፋዋ፦
እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከጠዋት ጀምሮ ሳነብ ነበር፣ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። መጀመሪያ፣ ባሌ አይላጭም። ዓመት ሆነው ጺሙን ካሳደገ። የላጭን ልጅ ቅማል በላት ሲባል ሰምታችኋል፣ እኔ ቤት መጥታችሁ እዩት። ማታ ማታ መላጫዎቹን አውጥቶ በጨርቅ ይወለውላል፣ በጺሙ ውስጥ ሆኖ ፈገግ ይላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠው የልጆቼን ብርድ ልብስ በማስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ ነው። አሥር ጊዜ አንሳ ብዬዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የአባቱ መሆኑን አሁን ከእናንተ ነው የሰማሁት። 11 ዓመት አብረን ኖርን። አባቱን አስታምሜ የቀበርኩ እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ይሄ የአባቴ ነው» ብሎኝ አያውቅም። ለጠባሴ ነገረው። ፊደሉንና ቁጥሩን ሳይቀር ነገረው። ለእኔ አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከራሳቸው ፎቶ ሥር አስቀምጥላቸው ነበር።

ወይዘሮ አለሁ፦
እሰይ እህቴ።

ጠባሴ፦
እኔ እንኳን… ቢሮ ውስጥ ጨዋታ አንስተን ነው። ሆን ብሎ የደበቀሽ አይመስለኝም።

ባለ ሳፋዋ፦
አልደበቀኝም። አልነገረኝም። ልዩነቱን ታውቀዋለህ?

ነርሷ፦
እንኳን ተናገርሽ። ልጆቹ ግን ብሩሹን እንዳይነኩ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
አለማወቅ ለመልካም ልብ ማስረጃ ይሆናል። ንብረቱን ግን አይመልስም።

ወይዘሮ አለሁ፦
አንተ ሰውዬ አግብተሃል?

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።

የመንዝ ብርድ፦
አላገባም። እኔ አውቀዋለሁ።

ሮቢቴው፦
ልጁ የየት ሰፈር ነው? ናስ ከሆነ ገና ለትልቁ ነጋዴ አልሸጠውም ይሆናል። ዛሬውኑ ብትፈልጉት ይገኛል።

ጠባሴ፦
እኔ አሁኑኑ እወጣለሁ። እህቴ፣ መልኩን ንገሪኝ። ሳፋውንም ይዤለት ልሂድ፣ ሳፋውን ተቀብሎ ቢያንስ ዜድ 3ን ይመልስልናል።

ባለ ሳፋዋ፦
ሳፋው ውስጥ ልብስ ዘፍዝፌበታለሁ። አሁን አይሆንም።

ጠባሴ፦
የማን ልብስ?

ባለ ሳፋዋ፦
የእሱን። የማን ይሆናል? ከመሐል ሜዳ ነገ ይመለሳል።

የሸዋ ጎምቱ፦
ብሩሹን ግን ሰጥተሻል አልሰጠሽም?

ባለ ሳፋዋ፦
ብሩሹን ልጁም አልፈለገውም።

ብረት ሥራ፦
ዘፍዝፊ እህቴ፣ ዘፍዝፊ። ናስ ግን አይዝግም።