ትራንስፈር ፕራይሲንግ፦ ፊክስድ ኮስቱ የት ነው የሚገባው?

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ጓዶች። ሁለተኛ ዲግሪ በኤክስቴንሽን እየተማርኩ ነው፣ ቀን ሥራ ነኝ። የአድቫንስድ ማኔጅመንት አካውንቲንግ ሚድ ደርሷል። ቫሪያንሱንም ኤቢሲውንም እንደምንም ይዣለሁ፣ ትራንስፈር ፕራይሲንግ (የአንድ ኩባንያ ክፍል ለሌላው ክፍል ሲሸጥ የሚተመነው ዋጋ) ግን አልገባ አለኝ። ጥያቄው ይኸው። የሞተር ክፍሉ አንድ ሞተር በ60 ብር ቫሪያብል ኮስት (ከምርቱ ብዛት ጋር የሚጨምር ወጪ) ይሠራል፣ የፊክስድ ኮስት (በምርቱ ብዛት የማይለወጥ ወጪ) ድርሻው 20 ብር፣ ውጭ የሚሸጠው በ100 ብር። (የ60 ብር ሞተር የት አለ እንዳትሉኝ፣ የወርክሺት ዋጋ ነው።) አቅሙ 10,000 ሲሆን ውጭ የሚሸጥለት 8,000 ብቻ ነው። እዛው ኩባንያ ውስጥ ያለው የፓምፕ ክፍል 5,000 ይፈልጋል፣ ያንኑ ሞተር ከውጭ አቅራቢ በ90 ብር ያገኛል። ዝቅተኛው የማስተላለፊያ ዋጋ ስንት ነው? ክፍል ውስጥ አንዱ 60 ይላል፣ አንዱ 80፣ አንዱ 84። ማንን ልመን?

ሒሳብ ሹሙ፦
80ውን እርሳው። 20 ብሯ ሞተሩ ለፓምፕ ክፍል ተሸጠም አልተሸጠም የምትወጣ ናት፣ ውሳኔው ውስጥ ምን ትሠራለች? ለዚህ ትዕዛዝ ብለው አዲስ ማሽን የሚከራዩ ቢሆን ኪራዩ ይገባ ነበር። ዝቅተኛው ዋጋ ማለት ቫሪያብል ኮስቱ፣ ሲደመር በዚህ ሽያጭ ምክንያት የምታጣው ኮንትሪቢውሽን (የመሸጫ ዋጋ ሲቀነስ ቫሪያብል ኮስት) ነው። 2,000ው ሥራ የፈታ አቅም ነው፣ የምታጣው ነገር የለም። የተረፈውን 3,000 ግን ከውጭ ደንበኛ ነው የምትነጥቀው፣ በእያንዳንዱ 40 ብር ታጣለህ። 5,000 × 60 = 300,000። 3,000 × 40 = 120,000። ድምሩ 420,000፣ ለ5,000 ሲካፈል 84። የፓምፕ ክፍሉ ከ90 በላይ አይከፍልም፣ ስለዚህ ድርድሩ በ84 እና በ90 መካከል ነው።

ቡና በጀበና፦
ቆይ ቆይ፣ 84 የሚሠራው 5,000ውን ባንዴ ውሰድ ወይ ተው ከተባለ ብቻ ነው። ለኩባንያው በሙሉ አስበው እስቲ። ሁሉንም ከውስጥ ቢወስዱ፣ ሁሉንም ከውጭ ከመግዛት በ30,000 ብር ይሻላል። 2,000ውን ብቻ ከውስጥ ወስደው 3,000ውን በ90 ከውጭ ቢገዙ ግን ጥቅሙ 60,000 ነው፣ ምክንያቱም በ100 የሚሸጥ ሞተር ነጥቆ 90 ብር ማዳን 10 ብር መክሰር ነው። አማካዩ ይህን ይደብቅብሃል።

ሒሳብ ሹሙ፦
ልክ ነህ፣ አቅራቢው ከፋፍሎ ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆነ። ጥያቄው ላይ ከፋፍሎ ይሸጣል ወይም አይሸጥም የሚል ነገር አለ?

የማታ ተማሪ፦
ምንም አይልም!

ቡና በጀበና፦
እንግዲያው ሁለቱንም ጻፍ። 84ን አውጣ፣ ከሥሩ «አቅራቢው 3,000 ብቻ የሚሸጥ ከሆነ» ብለህ ሁለተኛውን ጨምር። ጎበዝ መምህር ማርኩን የሚሰጥህ እዚያ ላይ ነው። ሰነፉም ቢሆን አይቀንስብህም።

ኦዲተሯ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ሥራ ላይ ሳየው ሰው የሚያምታታው ነው። ይሄ ሁሉ ለውስጥ ውሳኔ ነው። የግብሩ ትራንስፈር ፕራይሲንግ ሌላ ነው፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሚታየው ዝምድና ያላቸው ድርጅቶች እርስ በርስ ሲገበያዩ ዋጋው የማይተዋወቁ ሰዎች የሚስማሙበት ዓይነት ነው ወይ የሚለው ነው። ፈተናው «ለታክስ» ካለ 84ህን ይዘህ አትሂድ።

የማታ ተማሪ፦
እናመሰግናለን እህቴ። ሌላ ጥያቄ የት አገኛለሁ? ሃንድአውቱ ላይ ያለው ምሳሌ ሁሉ ሥራ የፈታ አቅም ያለበት ነው።

ኦዲተሯ፦
የኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር) ዌብሳይት ላይ ለተማሪ የተጻፉ ጽሑፎች በነፃ አሉ፣ ትራንስፈር ፕራይሲንግም አለበት። ከዚያ የራስህን ጥያቄ ወስደህ የውጭ ሽያጩን አንዴ 5,000፣ አንዴ 10,000 እያደረግክ ሥራው። 5,000 ሲሆን 60 ይመጣል፣ 10,000 ሲሆን 100 ይመጣል፣ ያኔ ከ90 ስለሚበልጥ ከውስጥ መግዛቱ ይቀራል። ኤክሴል ላይ ሳይሆን በእጅህ ሥራው፣ ፈተና ላይ ኤክሴል የለም።