የጣናን ውኃ ጤንነት በየትኛው ልለካ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ለመመረቂያ ጥናቴ በባሕር ዳር በኩል ያለውን የጣና ዳርቻ ውኃ እየለካሁ ነው። ግን ተጣብቄያለሁ።

በመሣሪያ ሳየው በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ጥሩ ነው። ከሥር ያለውን ጭቃ አውጥቼ በወንፊት ሳጥበው ግን የማገኘው ቀያይ የትንኝ መሰል ነፍሳት እጮችን ብቻ ነው። እነዚህ ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃም ይኖራሉ። ታዲያ የቱን ልመን? የምለካው ከሰዓት በኋላ ነው። አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን እያመረተ ቁጥሩን ከፍ አድርጎት ይሆን? ጎህ ሳይቀድ ብለካ ይሻላል? እምቦጭ ከሸፈነው ሥር የምወስደውንስ ለብቻው ልመዝግብ?

ሌላው ድፍርስነቱ ነው። የውኃን ጥራት በዓይን የምለካበትን ሳህን፣ ሴኪ ዲስኩን፣ ገና ወደ ውኃው ስሰደው ይሰወርብኛል። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ ደለሉን በቀላሉ ያነሳዋል። ክረምት ላይ ደግሞ የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያመጡት አፈር አለ። የአፈር ይሁን የአልጌ በምን ልለየው? የአልጌውን መጠን የሚያሳየውን ክሎሮፊል ማስለካት ከአቅሜ በላይ ሆኗል።

በእጄ ያለው፣ በተገኙት ነፍሳት ዓይነት የውኃን ጤንነት የሚመዝነው ነጥብ አሰጣጥም ለወንዝ የተሠራ ነው። ለሐይቅ ዳርቻ ያስተካከላችሁት ካላችሁ በምን መልክ እንደሆነ ንገሩኝ። ስንቱ ዓሣ አጥማጅ የሚኖረው በዚህ ውኃ ነው፤ በግምት ጽፌ ማለፍ አልፈልግም።