ሎግ አውት ስናደርግ ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል፤ ምክንያቱን እንዴት ልለየው?

ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የጽሕፈት፣ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምንሰጥበት አነስተኛ ቤት አለን። ሦስት ሠራተኞች በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በፈረቃ ስለምንሠራ እያንዳንዳችን የየራሳችን አካውንት አለን። ኮምፒውተሩን የገዛነው ያገለገለ ሆኖ ነው፤ ኮር አይ5 6500 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም እና ጂፎርስ ጂቲ 730 ግራፊክስ ካርድ አለው፤ የተጫነበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 22.04 ነው።

ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። አንዳችን ጨርሰን ሎግ አውት ስናደርግ ግን የመግቢያው ገጽ በመምጣት ፋንታ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ የካፕስ ሎክ ቁልፍ ቢነካም መብራቱ አይበራም፤ ማራገቢያው ብቻ መዞሩን ይቀጥላል። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። የፓወር ቁልፉን ተጭነን ይዘን ከማጥፋት በቀር ሌላ መላ አላገኘንም። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ካጠፋነው በኋላ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አልከፈት ብሎ፣ በኢሜይሏ የነበረውን የቆየ ቅጂ አምጥታልን የሁለት ቀን ሥራ እንደገና ስንተይብ ሰነበትን። ተማሪዋ የማስረከቢያ ቀኗ ደርሶ ስለነበር የተሰማኝ ኀፍረት ቀላል አልነበረም። ሌላ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁና እባካችሁ አግዙኝ።

መላሽ፣ ከአዳማ፦

ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ የመብራት መቆራረጥ ብዙ ፓወር ሰፕላዮችን ያዳክማል። እሱ ደህና ከሆነ ደግሞ ኡቡንቱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ብዙ ድካም ያስቀራል።

መላሽ፣ ከሐዋሳ፦

የአዳማው ወንድማችን ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም፣ ጠያቂው ለጊዜው ኡቡንቱን እንደገና እንዳይጭኑ እለምናለሁ። ፓወር ሰፕላይ ሲደክም ኮምፒውተሩ ብዙ ሥራ ላይ ሳለ ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንዲት ቅጽበት ጠብቆ አይቆምም። እንደገና መጫንም ያው ድራይቨር (ግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ተመልሶ እንዲመጣ ከማድረግ በቀር ለውጥ ላያመጣ ይችላል፤ ያለውን ማስረጃ ግን በእርግጥ ያጠፋል።

ሎግ አውት ስናደርግ ምን እንደሚሆን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እኛ የምናየው የአንድ ሰው ፕሮግራሞች መዘጋታቸውን ነው፤ ከሥር ግን ስክሪኑን ይዞ የነበረው የተጠቃሚው የማሳያ ሥርዓት ተዘግቶ፣ ጂዲኤም የሚባለው የመግቢያው ገጽ አስተዳዳሪ በቦታው ስክሪኑን ይረከባል። በዚህ ርክክብ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ የያዘውን ሥራ ሁሉ ለቅቆ ሌላ ሥራ እንዲቀበል ይታዘዛል። ቀኑን ሙሉ ያልታየ የድራይቨር ጉድለት ሎግ አውት ላይ ብቻ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ እኔም የምጠረጥረው ካርዱን ወይም ድራይቨሩን ነው።

ሁለት ቀላል ሙከራዎችን ያድርጉ። አንደኛ፣ አዲስ አካውንት ከፍተው ምንም ሳይነኩ ገብተው ይውጡ፤ እሱም ከቆመ ጥፋቱ በአንድ ሠራተኛ ቅንብር ውስጥ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በመግቢያው ገጽ ላይ ስምዎን ከመረጡ በኋላ በስተቀኝ ከታች የምትታየውን ባለ ጥርስ መዘውር የምትመስል ምልክት ተጭነው “ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ” የሚለውን ይምረጡና በዚያ ገብተው ይውጡ። ኤክስኦርግ የቆየው፣ ዌይላንድ ደግሞ አዲሱ የማሳያ ሥርዓት ነው፤ ምንም ካልመረጡ የሚገቡት በዌይላንድ ስለሆነ፣ በኤክስኦርግ ችግሩ ከጠፋ ፍለጋችን በጣም ይጠባል።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዲሱ አካውንት በመጀመሪያው ሙከራ ቆመ። በኤክስኦርግም ገብቼ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱን ጊዜ ቆመ። የካፕስ ሎክ መብራት እንደ ቀድሞው አይሠራም፤ ስለዚህ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ራሱ የሞተ መሰለኝ። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ስለ ሥራው በሚይዘው መዝገብ ውስጥ የምናገኘው ነገር ይኖራል?

መላሽ፣ ከባሕር ዳር፦

የካፕስ ሎክ መብራት አለመሥራቱ ከርነሉ ለመሞቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ዴስክቶፕ ላይ ስንሆን ያንን መብራት የሚያበራውና የሚያጠፋው የማሳያ ሥርዓቱ ስለሆነ፣ እሱ ሲሞት ከርነሉ በሕይወት እያለም መብራቱ ዝም ይላል። ይህን የምለው ብዙ ሰው በዚህ ምልክት ተስፋ ቆርጦ በቀጥታ የፓወር ቁልፉን ስለሚጫን ነው፤ የተማሪዋን ጽሑፍ የጎዳውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ራሱን ከመፍረስ የሚጠብቅበት ጆርናል ቢኖረውም፣ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ ይዘት ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ይጠፋል።

ስለዚህ ሲቆም እንዲህ ያድርጉ። አልትንና ፕሪንት ስክሪንን አንድ ላይ ተጭነው እንደያዙ ኤስ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዩ፣ ከዚያም ቢ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ተራ በተራ ይንኩ። የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሁለተኛው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ሪስታርት ያደርጋል። ስለዚህ ዘዴ ስድስት ፊደላት የሚዘረዝሩ ጽሑፎች ያጋጥሙዎታል፤ በኡቡንቱ ውስጥ ሳይቀየር የሚመጣው የዚህ ዘዴ ቅንብር 176 ስለሆነ፣ ማለትም የሦስቱ ፊደላት ቁጥሮች 16፣ 32 እና 128 ተደምረው፣ የሚፈቀዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ኮምፒውተሩ በዚህ ከተነሣ ከርነሉ አልሞተም ነበር ማለት ነው።

ለመዝገቡም ይኸው ዘዴ ይረዳል። መዝገብ ያዡ ጆርናልዲ፣ በጣም ከባድ ከሆኑ ስሕተቶች በቀር፣ የጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠው በየ5 ደቂቃው ነው፤ ወዲያው በፓወር ቁልፍ ካጠፉት የምንፈልጋቸው የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ። ሲነሣ ተርሚናል ከፍተው ጆርናልሲቲኤል (journalctl) የሚለውን ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ሰረዝና ኬ፣ ቀጥሎ ሰረዝና ቢ፣ መጨረሻ ላይ ሰረዝና 1 ቁጥርን፣ በየመካከሉ ክፍተት እየተዉ ይጻፉ። ይህ ካለፈው ጊዜ የቀረውን የከርነል መዝገብ ያሳያል። ኤንድ የሚለውን ቁልፍ ተጭነው የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ያህል መስመሮች ያንብቡ። ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የሚለውን ትእዛዝም ይስጡና ከካርዱ ስም አጠገብ ያለውን የቺፕ መለያ ይንገሩን።

ጠያቂ፦

እንዳሉኝ አደረግሁ፤ በሦስቱ ፊደላት ተነሣ! የመዝገቡ መጨረሻ ላይ ኑቮ የሚል ስም የያዙ ቀያይ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ደጋግሞ የሚመጣውም “ሲቲኤክስኤስደብሊው ታይምአውት” የሚል ነው። የካርዱ መለያ ጂኬ208 ይላል።

መላሽ፣ ከሐዋሳ፦

ጉዳዩ ተገልጧል። ኑቮ ከኡቡንቱ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ ጂፎርስን የሚሠራው የኤንቪዲያ ኩባንያ ካርዶች ነፃ ድራይቨር ነው። ያነበቡት መስመር ካርዱ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ እንዲዞር ተጠይቆ በጊዜው መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ ቀደም ብዬ ካነሣሁት ርክክብ ጋር ይገጥማል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለትየባና ለኅትመት ይህ ካርድ ያስፈልግዎታል? አይ5 6500 ፕሮሰሰር በውስጡ ኤችዲ 530 የተባለ የኢንቴል ግራፊክስ አለው፤ ለእናንተ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኃይል ገመዱን ይንቀሉ፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የፓወር ቁልፉን አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ ካርዱን አውጥተው የሞኒተሩን ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ማስገቢያ ይሰኩ። ካርዱን ሳያወጡ ገመዱን ብቻ ቢያዛውሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲያገኙ የውስጡን ግራፊክስ ስለሚዘጉት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የኢንቴሉ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ የሚጭኑት ነገር የለም።

ሌላ ጠያቂ፣ ከጎንደር፦

ፈቃዳችሁ ከሆነ በዚሁ ላይ ልጨምር። የእኔም ኮምፒውተር በጂቲ 730 በትክክል እንዲህ ያደርገኛል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ዚዮን ስለሆነና የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ካርዱን ማውጣት አልችልም። ምን ይሻለኛል?

መላሽ፣ ከባሕር ዳር፦

ለእርስዎ ያለው መንገድ የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር መጫን ነው፤ በመጀመሪያ ግን የቺፑን መለያ ይመልከቱ። ጂቲ 730 በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ትውልዶች ተሽጠዋል። መለያው ጂኬ208 ከሆነ ኬፕለር የተባለው ትውልድ ነው፤ የመጨረሻው ድራይቨሩ 470 ስለሆነ “ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ” ውስጥ ገብተው “አዲሽናል ድራይቨርስ” ከሚለው ክፍል 470ን ይምረጡ እንጂ ከዚያ የበለጠ ቁጥር አይምረጡ። ጂኤፍ108 ከሆነ ፌርሚ የተባለው የቀደመው ትውልድ ነው፤ የእሱ ድራይቨር 390 ላይ ያበቃና የኤንቪዲያ ድጋፉም በ2022 መጨረሻ ስለተቋረጠ፣ እንደ እኔ አስተያየት ሌላ ካርድ መፈለግ ይሻላል።

ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልተፈረመበት ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለው ጥበቃ፣ በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል እንዲሰጡ ይጠይቅዎታል፤ ቃሉን ወረቀት ላይ ይጻፉት። በሚቀጥለው ሪስታርት ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ “ኤንሮል ኤምኦኬ” የሚለውን መርጠው ያንኑ ቃል ያስገቡ። ገጹ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚጠብቅ ከኮምፒውተሩ አይራቁ፤ ካመለጠዎት ድራይቨሩ ተጭኖም ሥራ አይጀምርም።

ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ፦

ካርዱን ትናንት ማታ አወጣሁት። በሦስታችንም አካውንት እየገባሁና እየወጣሁ ሃያ ጊዜ ሞከርኩ፤ አንድም ጊዜ አልቆመም፤ የመግቢያው ገጽ በሁለት ሰከንድ ይመጣል። ዛሬም የሁለት ፈረቃ ርክክብ በሰላም አልፏል። ሦስቱን ፊደላት በወረቀት ጽፌ ሞኒተሩ ሥር ለጥፌያለሁ፤ የደንበኛ ፋይልም ከመውጣታችን በፊት ፍላሽ ላይ እንዲገለበጥ ተስማምተናል። የጎንደሩ ወንድሜ፣ ካርዴ ጂኬ208 ስለሆነ የእርስዎ በቺፑ ሳይሆን በሌላ ምክንያት ተበላሽቶ ከሆነ ወስደው እንዲሞክሩበት በደስታ እሰጥዎታለሁ።