ቪላን 20 ያሉት ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ አይፒ አይወስዱም

ተማሪ_አዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ኮሌጅ የኔትወርክ ደረጃ 4 ተማሪዎች ነን። ለላብ ፕሮጀክት የተሰጠን አንድ ሲስኮ ራውተር፣ ባለ 24 ፖርት ስዊችና አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር ነው። ስዊቹን በሁለት ቪላን (ለየብቻቸው የሚቆሙ ኔትወርኮች) ከፍለነዋል፦ ቪላን 10 ለቢሮ (192.168.10.0)፣ ቪላን 20 ለተማሪዎች (192.168.20.0)፣ ማስካቸው 255.255.255.0። ሰርቨሩ ቪላን 10 ውስጥ በ192.168.10.5 ተቀምጧል፤ ሁለት ስኮፕ (የሚታደሉ አይፒዎች ክልል) ከፍተንበታል። የቪላን 10 ኮምፒውተሮች አይፒ ይወስዳሉ፣ የቪላን 20ዎቹ ግን በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዛሉ። ኬብል ቀይረናል፣ ለውጥ የለም። ፓኬት ትሬሰር (የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም) ላይ ዲኤችሲፒውን (አይፒ የሚያድለውን አገልግሎት) ራውተሩ ላይ አድርገን ስንሠራው ችግር አልነበረም። የሲኦሲ ምዘና ስለደረሰ ምክንያቱን ጭምር ማወቅ እንፈልጋለን።

ራውተር_ጠጋኝ፦
169.254 ኮምፒውተሩ ዲኤችሲፒ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ ነው። ጥያቄው በብሮድካስት (ኔትወርኩ ውስጥ ላሉት ሁሉ በሚላክ መልእክት) ይወጣል፤ ራውተር ደግሞ ብሮድካስትን ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ አያሳልፍም። ፓኬት ትሬሰር ላይ አዳዩ ራሱ ራውተሩ ስለነበር፣ በሁለቱም ቪላን ውስጥ ስላለ ጥያቄውን በቀጥታ ይሰማል። አሁን ግን ሰርቨሩ ከራውተሩ ማዶ ነው።

ጥያቄውን ለሰርቨሩ እንዲያስተላልፍ ራውተሩ ላይ ኮንፊግ ውስጥ ግቡና «ኢንተርፌስ ጊጋቢት 0/0.20» ብላችሁ ከሥሩ «አይፒ ሄልፐር-አድሬስ 192.168.10.5» ጻፉ። ትዕዛዙ የሚገባው ጠያቂዎቹ ባሉበት በኩል፣ ማለትም በ.20 ላይ ነው። ሰርቨሩ ባለበት በ.10 ላይ ቢጻፍ ለቪላን 20 ምንም አይፈይድም። ራውተሩ ጥያቄውን ሲያስተላልፍ የራሱን 192.168.20.1 ያስገባበታል፤ ሰርቨሩም የቱን ስኮፕ እንደሚሰጥ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ትራንክ_ወዳጅ፦
ልክ ነው፤ ግን ሄልፐሩን ከመጻፋችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ቪላን 20 ያለ አንድ ኮምፒውተር ላይ በእጅ 192.168.20.50፣ ጌትዌይ (መውጫው፣ ማለትም የራውተሩ አድራሻ) 192.168.20.1 አስገቡና ጌትዌዩን ፒንግ አድርጉ (ይመልስ እንደሆነ ሞክሩ)። ሌላ ኮምፒውተርን ፒንግ አታድርጉ፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን ስለሚዘጋ ደህናውን መስመር የተበላሸ ያስመስልባችኋል።

ጌትዌዩ ካልመለሰ ችግሩ ገና ዲኤችሲፒ ጋ አልደረሰም። ስዊቹ ላይ «ሾው ቪላን ብሪፍ» ብላችሁ የኮምፒውተሩ ፖርት 20 ውስጥ መሆኑን፣ «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ብላችሁ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፖርት ትራንክ (የብዙ ቪላኖች ማሳለፊያ) ሆኖ 20ን ማሳለፉን እዩ። ራውተሩ ላይ .20ን ከቪላን 20 ጋር የሚያገናኘው «ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው 20» መኖር አለበት፤ ዋናው ኢንተርፌስም እንዲበራ «ኖ ሻትዳውን» ይፈልጋል።

ተማሪ_አዳማ፦
ጌትዌዩ መለሰ። ሄልፐሩንም .20 ላይ ጻፍን። አሁንም 169.254 ነው!

ራውተር_ጠጋኝ፦
እንግዲያው ወደ ሰርቨሩ ሂዱ። የራሱ ጌትዌይ 192.168.10.1 ተብሎ ተሞልቷል? ባዶ ከሆነ ጥያቄው ይደርሰዋል፣ መልሱን ግን ወደ 192.168.20.1 የሚልክበት መንገድ የለውም። የቪላን 10 ኮምፒውተሮች አጠገቡ ስለሆኑ ያለ ጌትዌይም ይሠራላቸዋል፤ ስለዚህ ይህ ጉድለት ተደብቆ ይቆያል። ቀጥሎ የ20 ስኮፕ «አክቲቬት» መደረጉን ተመልከቱ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከእጅ አይፒ ወደ አውቶማቲክ መልሱና «አይፒኮንፊግ /ሪኒው» በሉ።

ተማሪ_አዳማ፦
ጌትዌዩ ባዶ ነበር። ሞላነው፣ 192.168.20.11 መጣ። እናመሰግናለን።

ትራንክ_ወዳጅ፦
ጎበዞች። አሁኑኑ ራውተሩም ስዊቹም ላይ «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ» በሉ፤ መብራት ከጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይሄዳል። ሌላ ቡድን የሠራበት ስዊች ሲደርሳችሁ ደግሞ ስታርታፑን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የድሮዎቹ ቪላኖች ፍላሽ ላይ «ቪላን.ዳት» በሚባል ፋይል ይቀራሉ። እሱንም ሰርዛችሁ ሪሎድ አድርጉ።

ለምዘናው ኬብሉንም አትናቁት። ሁለቱንም ጫፍ በ568ቢ (የሽቦ ቀለሞች ቅደም ተከተል) ሥሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥንዶቹን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ፤ የውጭው ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ካልተነከሰ ሽቦዎቹ ሲጎተቱ ይላቀቃሉ።