ሥራ ላይ ተሰበርኩ፣ ወረቀት የለኝም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። ያለሁት ሎስ አንጀለስ ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳወርድ ከመሰላል ወድቄ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ይኸው 19 ቀኔ። አለቃዬ በራሱ መኪና ክሊኒክ አድርሶኝ፣ «ቤት ውስጥ ወደቅኩ በል» አለኝ። እኔም ሞኙ አልኩ! አሁን ስደውልለት፣ «ወረቀት የለህም፣ ዝም ብትል ይሻልሃል» ይለኛል። የሚከፍለኝ በካሽ ነበር። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለኝም።

አንድ የአገሬ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። በካሊፎርኒያ ሕግ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ወረቀት ላለውም ለሌለውም ነው። አሠሪው ጉዳቱን ባወቀ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የጥያቄ ፎርም መስጠት አለበት። ፎርሙ ተሞልቶ ከገባ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሕክምና ይሸፈናል። ጉዳቱን ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቂያው 30 ቀን ነው። እኔ 11 ቀን ቀርቶኛል።

እንቅልፍ የነሳኝ ያ ክሊኒክ የተናገርኩት ውሸት ነው። እንዴት ላስተካክለው? «ነገ መጋዘን በጊዜ ግባ» እያለ የላከልኝ ቴክስቶች አሉኝ፤ ለማስረጃ ይበቃሉ? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ፣ ወይ አማርኛ የሚችል የካሳ ጠበቃ የሚያውቅ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ። በግራ እጄ ስለጻፍኩት ስህተት ካለው ይቅርታ።