የልጄ 40 ቀን እየደረሰ ነው፤ አማቴን ምን ልበላቸው?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ውስጥ የአንዲት ትንሽ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነኝ። ወንድ ልጅ ተወልዶልናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጭንቄ ከአማቴ ጋር ነው። ኦርቶዶክስ ናቸው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሳት አለበት፤ በቃ። «ሳይጠመቅ አንድ ነገር ቢሆንስ?» እያሉ ያለቅሳሉ። የክርስትና አባት ሳይቀር መርጠውለታል! እኛ ደግሞ የምናጠምቀው አድጎ፣ አምኖ፣ በራሱ አፍ የመሰከረን ሰው ነው። ያውም ውሃ ውስጥ አጥልቀን።

ባለቤቴ መሃል ላይ ናት። ሐሳቧ ከእኔ ጋር ነው፤ የእናቷን እንባ ስታይ ግን ዝም ትላለች። አራስ ስለሆነች ላስጨንቃት አልፈልግም። ምእመናኑም እያዩኝ ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3ን ይዤ ቤቱን በመልካም ስለሚያስተዳድር መሪ ስንቴ ሰብኬያለሁ መሰላችሁ!

አማቴን ማስቀየም አልችልም። ጥር 11 ቀን ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ ቡና የምንጠጣው እሳቸው ቤት ነው።

ልጁን በጸሎት ለጌታ የምንሰጥበት ፕሮግራም አለን። እሳቸውን ብጋብዝ ይሻላል ወይስ ነገሩን አባብሰዋለሁ? ሽማግሌ መላክስ? እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያላችሁ፣ በተለይ አገልጋዮች፣ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።